ብርሃን የሚዞርባት የመስታወት ጠብታ

ኦፕቲካል ፋይበር እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ነው። ጫፉን በነበልባል ወይም በሌዘር ሲያቀልጡት መስታወቱ እንደ ማንኛውም ፈሳሽ ራሱን ሰብስቦ ይድቦለቦላል። ሲቀዘቅዝ በክሩ ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ትቀራለች፤ ወርዷ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አስረኛ ያህል ነው። በሞረድና በመወልወያ የማይገኝ ልስላሴ አላት፤ ዋጋዋም ከዚሁ ልስላሴ የመጣ ነው። ይህች ጠብታ አንድ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ገላዋ ላይ ሲያርፍ ታውቃለች።

ከጠብታዋ ጎን ሌላ ፋይበር፣ ተስቦ ይበልጥ የቀጠነ፣ ሊነካት ጥቂት ሲቀረው ይዘረጋል። በእሱ የሚያልፈው የሌዘር ብርሃን ወደ ጠብታዋ ይሻገርና ከውስጠኛው ግድግዳ እየተንጸባረቀ ወገቧን ይዞራል። በድምፅ ላይ ይህን ነገር ያብራራው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ ነው። በለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጉልላት ሥር ግድግዳውን ተጠግቶ የሚያንሾካሹክ ሰው፣ ከ30 ሜትር በላይ ርቆ ማዶ ላለው ጆሮውን ለግድግዳው ላስጠጋ ሰው ይሰማል። ድምፁ በአዳራሹ መሐል ከመበተን ይልቅ ክቡን ግድግዳ ተከትሎ ስለሚሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ የሞስኮ ፊዚሲስቶች፣ ብራጊንስኪና ባልደረቦቹ፣ የቀለጠ መስታወት ጠብታ ብርሃንን ምን ያህል አጥብቃ እንደምትይዝ አሳዩ። በደንብ የተሠራች ጠብታ አየር ላይ ሳለች፣ ብርሃኑ ከመክሰሙ በፊት ከ20,000 ዙር በላይ ሊሮጥባት ይችላል።

ሁሉም ብርሃን ግን አይዞርባትም። የሞገዱ ርዝመት በጠብታዋ ዙሪያ ሳይተርፍና ሳይጎድል በሙሉ ቁጥር መግጠም አለበት። ስለዚህ ሌዘሩ የሞገድ ርዝመቱን በጥቂት በጥቂቱ እየቀየረ ይፈልጋል። በገጠመበት ቅጽበት ብርሃኑ ወደ ጠብታዋ ስለሚሳብ ከፋይበሩ ማዶ ያለው መለኪያ ላይ ድንገት ይቀንሳል። መሣሪያው የሚያነበው ይህ ቅናሽ በየትኛው የሞገድ ርዝመት ላይ እንደታየ ነው።

የሚዞረው ብርሃን ሁሉ መስታወቱ ውስጥ ተዘግቶ አይቀርም። ጥቂቱ ከገጹ ወጥቶ ጠብታዋ ለምርመራ የተነከረችበትን ውሃ 100 ናኖሜትር ገደማ ይዳብሳል። በዚያ ስስ ወሰን ውስጥ አንድ ፕሮቲን ሲጣበቅ በቦታው የነበረውን ውሃ ያስለቅቃል፤ ፕሮቲን ደግሞ ብርሃንን ከውሃ ይበልጥ ያዘገያል። የክራር ጅማት ላይ ትንሽ ሰም ቢለጠፍበት ቅኝቱ ዝቅ እንደሚል፣ የጠብታዋም ቅኝት ወደ ረጅሙ ሞገድ ይወርዳል። ለውጡ ኢምንት ነው። ነገር ግን ብርሃኑ ያንኑ ሞለኪውል በየዙሩ ደጋግሞ ስለሚያገኘው በመለኪያው ላይ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዎቹ ፍራንክ ቮልመር፣ ስቲቨን አርኖልድና ባልደረቦቻቸው ከከብት ደም የሚገኘው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን በጠብታዋ ላይ ሲያርፍ በዚህ መንገድ ለኩ። በ2008 ደግሞ የኢንፍሉዌንዛ ኤ ቫይረሶችን አንድ በአንድ አዩ፤ የመለኪያው መስመር ቫይረስ በተጣበቀ ቁጥር እንደ ደረጃ ይዘላል፣ ከዝላዩም ትልቅነት የቫይረሱ መጠን ይሰላል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ምንም ማቅለሚያ አለመጨመሩ ነው። በተለመደው የላቦራቶሪ ምርመራ የሚፈለገው ነገር እንዲታይ ቀለም ወይም ኢንዛይም ይታሰርበታል፤ ውጤቱም የሚነበበው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እዚህ ግን መጣበቁ ራሱ፣ በሚሆንበት ሰዓት ይታያል። ስንት ተጣበቀ ብቻ ሳይሆን በምን ፍጥነት ተጣበቀ፣ መቼስ ለቀቀ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መድኃኒት ለሚቀምም ተመራማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከቫይረስ እጅግ የሚያንሰው ነጠላ ሞለኪውል ግን አስቸግሮ ነበር። በ2007 ከካሊፎርኒያው ካልቴክ፣ ብርሃን በሚዞርበት ቀለበት መሰል የመስታወት ሬዞኔተር ነጠላ ሞለኪውሎች ተያዙ የሚል ጥናት ወጣ፤ አርኖልድና ባልደረቦቹ ግን ለውጡ ከሙቀት የመጣ ነው የሚለው የጥናቱ ማብራሪያ የተለካውን ያህል ለውጥ ሊያስገኝ አይችልም ብለው ሞገቱ። በ2014 የቮልመር ቡድን በጀርመን ኤርላንገን ሌላ ዘዴ አሳየ። ጠብታዋ ላይ ጥቃቅን የወርቅ ዘንጎች ተጣበቁ። ወርቁ ብርሃኑን በጫፉ ላይ አከማችቶ ስለሚያጠነክረው፣ አጫጭር የዲኤንኤ ክሮች አንድ በአንድ ሲጣመሩና ሲለያዩ ታዩ። በትክክል የሚገጥመው ክር ከማይገጥመው በቆይታው ይለያል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉትን ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ብርሃኑ ያረፈውን ሁሉ ይቆጥራል እንጂ ማን እንደሆነ አያውቅም። የመለየቱ ሥራ የኬሚስቱ ነው፤ የመስታወቱን ገጽ የሚፈለገውን ብቻ በሚይዝ አንቲቦዲ ይሸፍነዋል። የደም ሴረም በሌሎች ፕሮቲኖች የተሞላ ስለሆነ፣ ያልተፈለገው እንዳይጣበቅ መከላከል ከብርሃኑ ጥበብ ያላነሰ ድካም ይጠይቃል። ሙቀትም አለ፤ የአንድ ዲግሪ አንድ ሺህኛ ለውጥ ብቻ ቅኝቱን እንደ ሞለኪውል ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። ውሃውም ለስልክ መስመር የሚያገለግለውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሚውጥ፣ ተመራማሪዎች አጠር ያለ ሞገድ ይመርጣሉ። ናሙናው በጣም የሳሳ ሲሆን ደግሞ ሞለኪውሎቹ በዘፈቀደ እየተንሳፈፉ ይህችን ትንሽ ዒላማ እስኪያገኙ ረጅም ሰዓት ያልፋል። የጠብታዋ ንቃት ምንም ያህል ቢሆን ያልደረሰባትን አታይም።

ወደ ክሊኒክ የሚያደርሰው መንገድ፣ በእኔ እምነት፣ በሲሊኮን ቺፕ ላይ የሚታተመው ቀለበት ነው። ብርሃንን የሚያቆየው ከጠብታዋ እጅግ ላነሰ ጊዜ ነው፤ ግን የኮምፒውተር ቺፕ በሚሠራበት ዘዴ በብዛት ይመረታል። በ2009 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የራያን ቤይሊ ቡድን፣ ሐኪሞች በአንዳንድ የካንሰር ሕመምተኞች ደም ውስጥ የሚከታተሉትን ሲኢኤ የተባለ ፕሮቲን በእንዲህ ያሉ ቀለበቶች ለካ። ከቀለበቶቹ አንዳንዶቹ ፈሳሽ እንዳይነካቸው ይሸፈናሉ፤ እነሱ የሙቀቱን መዋዠቅ ብቻ ስለሚያሳዩ ያ ከሌሎቹ ንባብ ላይ ይቀነሳል። የቀሩት እያንዳንዳቸው የተለያየ አንቲቦዲ ሊለብሱ ይችላሉ፤ በዚህም ከአንድ ጠብታ ሴረም የብዙ ፕሮቲኖች መጠን በአንድ ጊዜ ይነበባል።