ወደ ግሸን ለሚጓዙ ምእመናን፦ ስለሚናከሱ ተባዮች

የመስከረም ወር በገባ ቁጥር ከአራቱም ማዕዘን የተነሡ ምእመናን ስንቃቸውን አሰናድተው የግሸን ደብረ ከርቤን በዓል ለማክበር ወደ ወሎ ይጓዛሉ። በዓሉ የሚውለው መስከረም 21 ቀን ነው። መንገዳቸውን በሐይቅ በኩል ያደረጉት በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበትን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ይሳለማሉ፤ ከዚያም የአምባሰልን ቁልቁለትና አቀበት ተያይዘው ወደ አምባው ይወጣሉ። መንገደኛው ስለ ገደሉ፣ ስለ ብርዱና ስለ ስንቁ አስቀድሞ ያስባል። በሌሊት መጥታ ስለምትነክሰው ትንኝ ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። እኛም በዚህ ወር ገጻችን ስለ እርስዋና ስለ ሌሎቹ ተናካሾች ለመጻፍ የወደድነው በዚሁ ምክንያት ነው።

በዓሉ የሚውልበት ሰሞን ከወባ አንጻር ሲታይ ከዓመቱ ሁሉ ክፉው ወቅት ነው። ዝናቡ ይብቃ እንጂ ውሃው በየጉድጓዱ፣ በየረግረጉና በየወንዙ ዳር ተኝቶ ይቀራል፤ ፀሐይዋም ታሞቀዋለች። የወባ ትንኝ እንቁላልዋን የምትጥለው በእንደዚህ ያለ ውሃ ላይ ስለሆነ በአገራችን በሽታው የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። አባቶቻችን ክረምት ሲወጣ ወደ ቆላ ወርዶ ማደርን ይፈሩ ነበር። ፍርሃታቸው ልክ ነበር፤ ምክንያቱን ግን ለአየሩ ይሰጡት ነበር። አየሩ ሳይሆን ትንኝዋ መሆንዋ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 ሮናልድ ሮስ የተባለው ሐኪም በሕንድ አገር ባደረገው ምርመራ ነው።

«እኛ ደገኞች ነን፣ ሐይቅም ቆላ አይደለም፣ ወባ ከየት ይመጣብናል?» የሚል ሰው ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሆነው በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የዘለቀው መቅሠፍት ነው። በዚያን ጊዜ ከሦስት ሚሊዮን የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በወባ ታመዋል፤ የሞቱትም 150,000 ያህል እንደሚሆኑ ተገምቷል። ያ ወረርሽኝ ያጠፋው የቆላውን ሰው ብቻ አልነበረም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ፣ ከበሽታው ጋር ያልተላመደ ሕዝብ በሚኖርበት ወይና ደጋ ጭምር ነው የገባው። የሐይቅ አካባቢ ከፍታ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከዚህ ልክ ውስጥ ይገባል፤ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በወረዱ መጠን ደግሞ አገሩ ይሞቃል። ነገሩም የአለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ወራት ውስጥ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

የምትነክሰው እንስቲቱ ትንኝ ናት፤ እንቁላልዋን ለማሳደግ ደም ትሻለችና። ከታመመ ሰው የቀሰመችው የወባ ተሐዋሲ በሰውነትዋ ውስጥ ዐሥር ቀን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ካደገ በኋላ ወደ ጤነኛው ታስተላልፈዋለች። ብርድ በበዛበት ስፍራ ግን ይህ ዕድገት እጅግ ይዘገያል፤ ስለዚህ በአምባው ራስ ላይ ካለው ሌሊት ይልቅ ከታች በሙቀቱ አገር የሚያድሩት ሌሊት ያሠጋል። ሥራዋም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች ስለማይገቡ እናቶችና ልጃገረዶች ሕፃናቱን ይዘው ከውጭ ይቆያሉ። ጊዜው ወደ ማታ ያዘነበለ እንደ ሆነ ከሐይቁ ዳር ራቅ ብለው፣ የልጆቹን እግርና ክንድ ሸፍነው ቢጠብቁ መልካም ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች እናት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ ይገባታል፤ ወባ በእርስዋም በፅንሱም ላይ ይከፋልና።

ከመከላከያው ሁሉ የሚበልጠው በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ነው። ብዙ ሰው አጎበር ለአልጋ ብቻ የተሠራ ይመስለዋል፤ ሆኖም አራት ገመድ ካለ በድንኳን ውስጥ፣ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ፣ መሬት ላይ በተተከሉ ዘንጎችም ላይ ሊወጠር ይችላል። ዳርቻው ከሰሌኑ ወይም ከምንጣፉ ሥር መታጠፍ አለበት፤ አለዚያ ትንኝዋን ከሰው ጋር አብሮ መዝጋት ይሆናል። ገና ከማሸጊያው የወጣውን አጎበር አንድ ቀን በጥላ ሥር አናፍሶ መስቀል፣ ሲታጠብም በፀሐይ ሳይሆን በጥላ ማድረቅ ይገባል፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ታደክመዋለችና። አጎበር የሌለው መንገደኛ ቢያንስ በጋቢ ይጠቅለል። ነጠላ ስስ ስለሆነ በገላ ላይ ተጣብቆ ሲያድር ትንኝ በላዩ ትነክሳለች፤ ታጥፎ የተደረበ ጋቢ ግን አያሳልፋትም። ፊትንና እጅን በመድኃኒት ቤት የሚሸጠውን ትንኝ የሚያባርር ቅባት መቀባት ይቻላል፤ ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን አይቀባም፤ ለእርሱ አጎበር ይበቃዋል። ሐኪም ፈቅዶ የሚያዝዘው አስቀድሞ የሚዋጥ መከላከያ ኪኒንም አለ።

ስለ ጢስ የሚጠይቁን አሉ። ጥንጁት፣ ወይራና ባሕር ዛፍ ማጨስ ከጥንት የመጣ ልማድ ነው፤ የጥንጁት ጢስና ዘይት ትንኝን እንደሚያባርር በዘመናችን የተደረጉ ምርመራዎችም ደግፈውታል። ነገር ግን ጢሱ የሚጠቅመው እስከሚጤስ ብቻ ነው። እንቅልፍ ሲመጣ እሳቱም ይተኛል፤ ትንኝዋ ግን አትተኛም። በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ማጨስ ደግሞ የሕፃናትን ሳንባ መጕዳት፣ ድንኳኑንም ለቃጠሎ መስጠት ነውና አንደግፈውም።

ከሜዳው ተነሥቶ ገደል ለገደል ሲወጣ ሌላ ተናካሽ ይመጣል። ይህም የአሸዋ ዝንብ የሚባለው፣ ከትንኝ ያነሰ፣ ሲበርር ድምፅ የሌለው ፍጥረት ነው። በዋሻና በዐለት ስንጥቅ ይኖራል፤ በዚያው ዐለት ከሚኖረው ከሽኮኮ ደም የቀሰመውን ተሐዋሲ ወደ ሰው ያመጣል። በሽታው አገራችን ቁንጭር ብሎ የሚጠራው ነው። ከተነከሱ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ በአፍንጫ፣ በጉንጭ ወይም በጆሮ ላይ የማያም እብጠት ይወጣል፤ እየሰፋም ይቆስላል፤ በራሱ የዳነ እንደ ሆነም የፊትን መልክ የሚያበላሽ ጠባሳ ይተዋል። ቁንጭር የደጋና የወይና ደጋ ገደል በሽታ ነው፤ ከአምባሰል ጎረቤት በኩታበርም ከታወቀ ቆይቷል። ስለዚህ መንገደኛ ሲመሽበት ዋሻ አገኘሁ ብሎ ደስ ሊለው አይገባም፤ ከዐለቱ ሥር ራቅ ብሎ ማደር ይሻለዋል። ፊቱ ላይ የማይድን እብጠት ያየ ሰውም እሳት ወይም ቅጠል ሳያስነካው ወደ ሐኪም ይሂድ። በደሴ አቅራቢያ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ አንባቢዎቻችን ከሃይማኖት ጉባኤው የተነሣ ስሙን በሚያውቁት ስፍራ የሚገኘው ማለታችን ነው፣ በዚህ በሽታ ሕክምና የታወቀ ነው።

በአምባው ላይ ብርዱ ትንኝን ቢያዳክምም ሕዝቡ ለሙቀት ተጠጋግቶ ስለሚያድር የቅማልና የቁንጫ ተራ ይሆናል። ቁንጫ የሚያሳክክ ነው። ቅማል ግን ግርሻ የሚባለውን ትኩሳትና የተስቦን በሽታ ያመጣል። ስለ ግርሻ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ፤ በሽታው የሚተላለፈው በንክሻው ሳይሆን ቅማሉ ሲፈርጥ ከውስጡ የሚወጣው ፈሳሽ በተጫረ ቆዳ ወይም በዓይን በኩል ሲገባ ነው። ስለዚህ ቅማልን በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መካከል መጨፍለቅ አደገኛ ልማድ ነው። ልብሱን አውልቆ በፈላ ውሃ መቀቀል ይበልጣል። በአንድ ጎጆ ተጨናንቀው የሚያድሩ የአብነት ተማሪዎችን የምትረዱ ምእመናን ከምጽዋታችሁ ጋር ሳሙናና ቅያሪ ልብስ ብትጨምሩላቸው ትልቅ በሽታ ትከለክላላችሁ።

የተነከሰ ሰው ስፍራውን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይጠበው፤ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅም ይደርበት። አለማከክ ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ሆኖም የተቧጨረ ንክሻ በመንገድ አቧራ ወደ መግል ይለወጣልና የልጆችን ጥፍር ከጉዞው በፊት መቍረጥ ይገባል። ማሳከኩ ከበረታ ካላሚን የሚባለው ቅባት ወይም ሐኪም የሚያዝዘው የአለርጂ ኪኒን ያስታግሣል። መዥገር የተጣበቀበት ሰው ላምባ አያፍስስበት፣ እሳትም አያስጠጋው፤ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ሳይጠመዝዝ ቀጥ አድርጎ ይሳበው።

አምባሰል የሚለውን ስም ዐሰል ከሚለው የዐረብኛ ቃል የሚያመጡት አሉ፤ ትርጓሜውም ማር ማለት ነው። ማር ካለ ንብ አለ። የንብ መንደፊያ በቆዳ ውስጥ ቀርቶ መርዙን መርጨት ስለሚቀጥል በጥፍርም ይሁን በቢላዋ ጀርባ ሳይዘገዩ ፍቆ ማውጣት ነው። ከንፈሩና ምላሱ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ራሱን የሳተ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይ፤ ተሸክመውት ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ይሩጡ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን መንገደኛው ቤቱ ከገባ በኋላ ያለው ነገር ነው። በመስከረም 20 ሌሊት የተነከሰ ሰው ትኩሳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከሰባት ቀን በኋላ፣ ይኸውም ከመስከረም 27 ወዲህ ነው። ከዚያም በላይ ሊዘገይ ይችላል፤ አንዱ የወባ ዓይነት እንዲያውም በጉበት ተሸሽጎ ከወራት በኋላ ይነሣል። በዚያን ጊዜ ሰውየው አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ነው። ራሱን ሲያመው፣ ሲያንቀጠቅጠው፣ ሲያልበው «የመንገድ ብርድ ነው» ወይም «ምች መታኝ» ይላል። ጎረቤቱም ዳማ ከሴ ያመጣለታል። ክፉው ዓይነት ወባ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ አንጎልን ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ከግሸን መልስ ትኩሳት የያዘው ሰው በዚያው ቀን ደሙን ይመርመር፤ በጣት ጫፍ ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ለሐኪሙም ሳይጠየቅ «ወሎ ወርጄ፣ በአምባሰል አድሬ ነው የመጣሁ» ብሎ ይንገር፤ በደጋ ከተማ ያለ ሐኪም ይህን ካልሰማ ወባን ላያስበው ይችላልና።

ጠበል ጠጥቼ እድናለሁ ብሎ ሐኪም ቤት መሄድን እንደ እምነት ማነስ የሚቈጥር ወንድም ወይም እኅት ቢኖር መጽሐፈ ሲራክን ምዕራፍ 38 ገልጦ ያንብብ፤ ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት የተጻፈውን እዚያ ያገኘዋል። ጠበሉንም መድኃኒቱንም መውሰድ ይቻላል።

ለክፉው ወባ የሚሰጠው ኮአርተም የሚባለው ኪኒን በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ቢለቅም የቀረው ይዋጣል እንጂ ለሌላ ሕመምተኛ አይቀመጥም። ይህ መድኃኒት በደንብ ወደ ደም የሚገባው ቅባት ካለበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው። ጊዜው ደግሞ የጽጌ ጾም ይሆናል። ታማሚው የንስሓ አባቱን አማክሮ ወተት ቢጠጣ መልካም ነው፤ መጾም ከወደደም ዘይት የገባበት የሽሮ ወይም የምስር ወጥ ለመድኃኒቱ ይበቃዋል። በባዶ ሆድ ግን አይዋጠው።