ጥር 2005፦ ሦስት ጨዋታ፣ አራት በረኛ

በሰፈር ኳስ በረኛ የሚሆነው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ወይ ትንሹ ልጅ ነው፣ ወይ ሮጦ የደከመው፣ ወይ ደግሞ «አንተ ኳስ አትችልም» የተባለው። በፍኖተ ሰላምም በቡሬም፣ ሁለት ባሕር ዛፍ ተክለው ጎል በሚሠሩባቸው የገጠር ሜዳዎችም ነገሩ ያው ነው። ጎል ሲገባ ግን መጀመሪያ የሚሰደበው እሱ ነው። የብሔራዊ ቡድናችን በረኞችም ከዚህ አላመለጡም። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱበት የ2005ቱ ውድድር ሲነሳ፣ የሦስቱ በረኞች ነገር አሁንም እንደ ቀልድ ይወራል። እኛ ግን ቀልዱ ፍትሐዊ ነው ብለን አናምንም። ለምን እንደሆነ እናስረዳ።

ጥር 13 ቀን ነበር፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን። (በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫዋን ያነሳችውም በ1954 ዓ.ም በዚሁ ቀን ነው፣ ጥር 13።) ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ላይ የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠመ። ሳላዲን ሰዒድ የመታትን ፍፁም ቅጣት ምት የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዊኔ አዳናት። ብዙም ሳይቆይ ጀማል ጣሰው ኳስ ለማዳን ከጎሉ ርቆ ወጣ፤ ከቺሳምባ ሉንጉ ጋር በአየር ላይ ተጋጨ፤ ቀይ ካርድ አየ። እግሩ ከፍ ብሎ ስለነበር ዳኛው ተሳሳተ ማለት ይከብዳል። ግን ልብ በሉ፣ በረኛ ቆሞ ቢጠብቅ «ምነው አልወጣም?» እንለው ነበር።

በረኛ ሲባረር ቡድኑ የሚከፍለው ዕዳ እጥፍ ነው። አጥቂ ቢባረር በአሥር ሰው ትቀጥላለህ፣ በቃ። በረኛ ሲባረር ግን ሌላ በረኛ ለማስገባት አንድ ደህና ተጫዋች ታስወጣለህ፣ ከቅያሪህም አንዱ ይበላል። የዚያን ቀን ዘሪሁን ታደለ ሰውነቱን እንኳ በቅጡ ሳያሟሙቅ ገባ። ከእረፍት በፊት በጭማሪ ሰዓት ኮሊንስ ምቤሱማ አገባበት። ከዚያ በኋላ ግን አላስደፈረም። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ፣ ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ያን አቻ ስናወራ አዳነን እንጠራለን (ይገባዋል!)፣ ከአንድ አጋማሽ በላይ በአሥር ሰው ጎሉን የጠበቀውን ዘሪሁንን ግን ስንቶቻችን እናስታውሰዋለን?

ጥር 17 ቀን ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን። በረኛው ዘሪሁን ነበር። የሚገርመው የቡርኪናው በረኛ አብዱላዬ ሱላማም ከሳጥን ውጪ ኳስ በእጁ ነክቶ ተባሯል። እነሱ ግን በአሥር ሰው ሦስት ጎል ጨመሩብን። ይህ የበረኛ ጥፋት ነው? እኛ እንደሚመስለን ቡድኑ በሙሉ ለማግባት ወደፊት ሄዶ ጀርባው ባዶ ቀርቶ ነበር።

ጥር 21፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ከናይጄሪያ ጋር የመጨረሻው ጨዋታ። ተራው የሲሳይ ባንጫ ሆነ። እስከ 80ኛው ደቂቃ ገደማ 0 ለ 0 ነበርን። ከዚያ ቪክቶር ሞሰስ በፍፁም ቅጣት ምት አገባ። መጨረሻ ላይ ሁለተኛ ፍፁም ቅጣት ምት መጣ፣ ሲሳይም በቀይ ወጣ። በዚያ ዘመን የሚፈቀደው ቅያሪ ሦስት ብቻ ነው፤ አልቋል። ስለዚህ አማካዩ አዲስ ሕንፃ የበረኛ ማልያና ጓንት አጥልቆ ጎል ውስጥ ቆመ። 7 ሜትር ከ32 ሳንቲም ስፋት ባለው ጎል መካከል፣ ከ11 ሜትር፣ ያውም ሞሰስን! ገባች፣ 2 ለ 0።

እንግዲህ ምድባችን ምን ዓይነት እንደነበር እናስታውስ። ዛምቢያ የቀድሞው ዓመት ሻምፒዮን ናት። ናይጄሪያ ያን ዋንጫ ወሰደች፣ በፍጻሜው ያሸነፈችው ደግሞ ቡርኪናን ነው። ሁለቱም የፍጻሜ ተፋላሚዎች ከእኛ ምድብ ወጡ ማለት ነው።

ሌላው የማይነገረው ነገር የበረኛ ኑሮ ነው። ተቀያሪ አጥቂ በሳምንቱ 20 ደቂቃም ቢሆን ያገኛል። ሁለተኛ በረኛ ግን ዓመቱን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ሊያሳልፍ ይችላል። ዘሪሁን በክለቡ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከፊቱ የነበረው ዩጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ ነው፤ ጎበዝ በረኛ፣ ይህን አንክድም። ሌሎቹ ክለቦችም በኋላ ያንኑ መንገድ ያዙ፦ ጅማ አባ ጅፋር ጋናዊውን ዳንኤል አጄይን፣ ፋሲል ከነማ ማሊያዊውን ሚኬል ሳማኬን፣ ጊዮርጊስ እንደገና ኬንያዊውን ፓትሪክ ማታሲን። ጅማም ፋሲልም በእነዚያ በረኞች ሻምፒዮን ሆነዋል፤ ክለቦቹን መውቀስ አይቻልም። ግን የአገር ልጅ የት ይለማመድ?

በረኛ የሚሠራው በጨዋታ ብዛት ነው። የተሻገረ ኳስ መቼ ወጥቶ መያዝ እንዳለበት፣ መቼ ጎሉ ላይ መቅረት እንዳለበት፣ ተከላካዮቹን እንዴት ጮኾ ማስተካከል እንዳለበት ሜዳ ነው የሚያስተምረው። እኛ ጋ ደግሞ በደረቅ ወራት ሜዳው ጠጠር ነው፤ ልጁ ያለ ጓንት፣ ያለ ጉልበት መከላከያ ቢወድቅ ክርኑ ይላጣል። ስለዚህ አይወድቅም፤ ኳሷን በእግሩ ነው የሚያስቆማት። ያ ልማድ ካደገ በኋላ ለመንቀል ከባድ ነው። ጥሩ በረኛ እንዲወጣ የሚፈልግ የቀበሌ ቡድን ልጁን በ10 እና በ12 ዓመቱ ሳር ላይ አወዳደቅ ያስተምረው፤ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለእኛ ቅርብ በሆነው የፕሪምየር ሊግ ክለብ፣ በባሕር ዳር ከነማ፣ ጎሉን የቤኒኑ ሀሪሰን ሄሱ ይጠብቅ ነበር። ኋላ ላይ ማልያውን የለበሰው ኢትዮጵያዊው ፋሲል ገብረሚካኤል ነው።