ቦኑስ፦ የላቲን «ጥሩ» እና ልጆቹ

በላቲን «ጥሩ» ማለት «ቦኑስ» ነው። የአማርኛው «ጥሩ» ለአባትም ለእናትም ሳይለወጥ ያገለግላል፤ ቦኑስ ግን የሚገልጸውን ስም እየተከተለ መልኩን ይቀያይራል። ጥሩ አባት «ፓተር ቦኑስ»፣ ጥሩ እናት «ማተር ቦና»፣ ጥሩ ወይን ጠጅ ደግሞ «ቪኑም ቦኑም» ነው፤ ወይን ጠጅ በላቲን ወንዴም ሴቴም ያልሆነ ሦስተኛ ጾታ አለውና።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። ስሙ ባለቤት ወይም ተሳቢ ሲሆን የቅጽሉ መጨረሻ አብሮት ይለወጣል፤ «ጥሩ አባትን» ለማለት «ፓትሬም ቦኑም» ይባላል። እንዲህ ያለ ስድስት ሙያ፣ ሦስት ጾታ፣ ነጠላና ብዙ ቁጥር ሲባዙ 36 ይሆናሉ። ደግነቱ አንዱ ቅርጽ ለብዙ ቦታ ስለሚያገለግል በጽሑፍ የሚለያዩት 13 ብቻ ናቸው።

ቃሉ በጥንት ጊዜ «ዱዌኖስ» ነበር። በ1880 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ በተገኘ፣ ሦስት ትናንሽ ማሰሮዎች ተያይዘው በተሠሩበት የሸክላ ዕቃ ላይ ተጽፏል። እዚያ የሰው ስም ይሁን «ጥሩ ሰው» ማለት፣ ሊቃውንት ይከራከራሉ። በኋላ በቃል መነሻ ላይ ያለው «ዱ» ወደ «ብ» ተለወጠ፤ ጦርነት ማለት የነበረው «ዱዌሉም»ም እንዲሁ «ቤሉም» ሆኗል።

ሲነጻጸር ደግሞ ዘር ይለውጣል፦ «የተሻለ» ሜሊዮር፣ «ከሁሉ የበለጠ» ኦፕቲሙስ ነው። ሮማውያን ለአምላካቸው ለጁፒተር «ኦፕቲሙስ ማክሲሙስ» የሚል ማዕረግ ሰጥተውት ነበር።

ላቲን ወደ ልጆቹ ሲከፋፈል ከእነዚያ ቅርጾች አብዛኞቹ ረገፉ። ጣሊያንኛ ቡዎኖ፣ ፈረንሳይኛ ቦን፣ ሮማንኛ ቡን ይላሉ። ስፓንኛ ቡዌኖና ቡዌና፣ ለብዙ ቁጥር ቡዌኖስና ቡዌናስ አለው፤ የአርጀንቲናዋ ዋና ከተማ ቡዌኖስ አይረስም ስሟ «መልካም ነፋሳት» ማለት ነው። ቡዌኖ ከወንዴ ነጠላ ስም ሲቀድም ግን ወደ «ቡዌን» ያጥራል። ሜሊዮር በጣሊያንኛ ሚልዮሬ፣ በስፓንኛ ሜሆር፣ በፈረንሳይኛ ሜየር ሆኖ ዘልቋል፤ ሮማንኛ ብቻውን ትቶት «ማይ ቡን» ይላል፣ «ይበልጥ ጥሩ» እንደማለት። በየቀኑ የሚነገር ቃል መጨረሻው ቢሸረፍም ከአፍ ስለማይወርድ ዓመሉን በቀላሉ አይተውም።

በእንግሊዝኛ በኩል እኛም ጋ ደርሷል፤ ሠራተኛ ከደመወዙ በላይ የሚያገኘው «ቦነስ» ይኸው ቃል ነው። ቦኑስ ግን የወንዴ ቅርጽ ነው። በላቲን ሰዋስው ቢሆን «ጥሩ ነገር» የሚባለው «ቦኑም» ነበር።