ሣሩን ሳታይ ሞተሩን አትክፈት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ጋራዥ ሞልቷል። ከንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅም ሆነ ከሌሎች ማሠልጠኛዎች ለልምምድ የሚወጡ የአውቶ ተማሪዎች በአብዛኛው የሚመደቡት መኪና ላይ ነው። እኔ ዘንድ የሚመጡትን ግን የሚጠብቃቸው የጎልፍ ሜዳ ሣር ማጨጃ ነው። በከተማችን የጎልፍ ሜዳ በጣት የሚቆጠር ስለሆነ (በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ያለው አንዱ ነው) ሙያው የሚተላለፈው ከእጅ ወደ እጅ ነው።

አዲስ ተለማማጅ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነው፤ ካቻቢቴ አንሥቶ ሞተሩን ለመፍታት ይጣደፋል። እኔ ግን አስቀድሜ ወደታጨደው ሣር እወስደዋለሁ። ጫፉ በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ ካለ ማሽኑ ደህና ነው። ተሸርክቶ ክር ካወጣ ግን ሞተሩ ምንም ያህል ጥሩ ቢያጓራ ሜዳው በቀናት ውስጥ ይገረጣል፤ የተቀደደ ሣር ለበሽታም የተጋለጠ ነው።

ተራው የግቢ ማጨጃ አንድ ጠፍጣፋ ምላጭ በፍጥነት እያሽከረከረ ሣሩን መትቶ ይቆርጣል። የጎልፉ ግን ሌላ ነው። እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ የተጣመሙ ስለቶች ያሉት ከበሮ እየተሽከረከረ ሣሩን ከታች ካለው ቋሚ ምላጭ ጋር አገናኝቶ ይቆርጠዋል። ይህን ዘዴ እንግሊዛዊው ኤድዊን በዲንግ በ1830 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው በጨርቅ ፋብሪካ የሱፍ ጨርቅ ፊት ከሚላጭበት ማሽን ወስዶ ነው። ኳሷ የምትገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ሣር ቁመቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ የፀጉር ያህል ስህተት እንኳ በዓይን ይታያል።

ስለዚህ ዋናው መሣሪያችን ጋዜጣ ነው። ቀጭን ቁራጭ በሁለቱ ስለቶች መካከል አስገብተን ከበሮውን በቀስታ እናዞራለን። ወረቀቱ በግራም፣ በመሐልም፣ በቀኝም በንጽሕና መቆረጥ አለበት። አንድ ልጅ በአንድ ወገን ሲታጠፍበት፣ «ጋሼ፣ ምላጩ አልቋል፤ አዲስ ይግዙ» አለኝ። የማስተካከያውን ቡሎን ሩብ ዙር እንኳ የማትሞላ አዞርኩለት። ወረቀቱ ተቆረጠ። አለመጠን ማጥበቅም ጉዳት አለው፤ ብረት ከብረት ሲፋተግ ይግላል፣ ስለቱም ይዶለዱማል። ጫፉ ትንሽ ከደነዘ መሞረጃ ቅባት በረጅም እጀታ ብሩሽ ተቀብቶ ከበሮው ወደ ኋላ ይሽከረከራል። ብሩሹን ትቶ በእጁ የሚቀባ ተማሪ እኔ ዘንድ አይውልም። ከበሮውን በእጅ ከማዞር በፊትም የካንዴላው ሽቦ ይነቀላል።

ወደ ሞተሩ የምንሄደው ከዚህ በኋላ ነው። እዚህም አገራችን የራሷ ጠባይ አላት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። በካርቡራተር የሚሠራ ከሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። መድኃኒቱ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በጠባብ መለወጥ እንጂ ካንዴላ በየሳምንቱ መግዛት አይደለም።

በትልልቆቹ ማሽኖች ላይ የምፈራው የሃይድሮሊክ ዘይት ነው። ጎማ ቱቦው ከፈሰሰ የጋለው ዘይት ማሽኑ በሄደበት ሁሉ ሣሩን እያቃጠለ መስመር ይሠራል። ከሰኔ እስከ መስከረም ሣሩ ረጥቦና ፈጥኖ ሲያድግ ማሽኑ ዕረፍት ስለማያገኝ ቱቦዎቹን የምናየው በግንቦት ነው። መለዋወጫው ከውጭ በዶላር ስለሚመጣ በሐምሌ የተበጠሰ ቱቦ ክረምቱን ሙሉ ማሽኑን ሊያስቆም ይችላል።