ጥፋቱ የጎሚኒው አይደለም

ሆንዳ በ1969 እ.ኤ.አ. ሲቢ 750ን ለገበያ ሲያወጣ ከአራቱ ሲሊንደሮች ባልተናነሰ ያነጋገረው የፊት ፍሬኑ ነበር። በብዛት ተመርቶ በተሸጠ ሞተር ሳይክል ላይ በዘይት ግፊት የሚሠራ ዲስክ ፍሬን ሲታይ የመጀመሪያው ነው። ሞተሩ ባዶውን 218 ኪሎ ይመዝናል፤ በሰዓት ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይከንፋል። ይህን ሁሉ ከፊት የሚይዘው አንድ ዲስክ፣ አንድ ካሊፐርና በካሊፐሩ ውስጥ ያለ አንድ ፒስተን ነው። ዛሬ የመጀመሪያዎቹ ሲቢዎች ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ካሊፐራቸው ማፍሰስ ሲጀምር ባለቤቶቻቸው ከየአቅጣጫው የሚሰሙት ምክርም አንድ ነው፦ «ጎሚኒው አርጅቷል፤ ቀይረውና ተገላገል።»

ይህ ምክር ሰው ላይ አደጋ ያመጣል። የሚከተለውን ታሪክ አሮጌ ሞተር የሚጠግን ሁሉ ያውቀዋል። ባለቤቱ ጎሚኒ ይገዛል፤ ካሊፐሩን ፈትቶ አሮጌውን ያወጣል፣ አዲሱን ያስገባል፣ መልሶ ይገጥማል። ለጥቂት ጊዜ ደረቅ ይሆናል። ከዚያ እንደገና ማርጠብ ሲጀምር «ጎሚኒው የማይረባ ነበር» ተብሎ ሌላ ይገዛል። በመሃሉ የፈሰሰው ዘይት ሸራው ውስጥ ይሰርጋል። ዘይት የጠጣ ሸራ ዲስኩን አይነክስም፣ ይንሸራተታል፤ ታጥቦም አይመለስም፣ መጣል ብቻ ነው ያለበት። ከፊት አንድ ካሊፐር ብቻ ባለው ሞተር ላይ ይህ ማለት ነጂው እጀታውን በጨበጠ ጊዜ ጠብቆት የነበረውን ፍሬን አያገኝም ማለት ነው።

እምነቱ ከሜዳ የመጣ እንዳልሆነ ግን መታወቅ አለበት። ብዙ መካኒኮች ፍሬንን የተማሩት በታምቡር ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም የሚታየውን ቮልስ እንውሰድ። ከታምቡሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሲሊንደር ስትሠራ ጎሚኒው ከፒስተኑ ጋር አብሮ ወዲያና ወዲህ እየሄደ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይታከካል። ስለዚህ የሚያልቀው ጎሚኒው ነው፤ የሚሻክረው ደግሞ ግድግዳው። ግድግዳውን አለስልሶ ጎሚኒ መቀየር እዚያ ትክክለኛ ጥገና ነው። በፍሬን ማስተሩም ላይ ነገሩ ያው ነው። ስህተቱ ትምህርቱ ላይ ሳይሆን ትምህርቱ ሳይለወጥ ወደ ካሊፐር መወሰዱ ላይ ነው።

በካሊፐር ውስጥ ነገሩ ተገልብጧል። ጎሚኒው አራት ማዕዘን ጠርዝ ያለው ቀለበት ነው፤ በካሊፐሩ ግድግዳ ላይ በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ ተቀምጦ ከቦታው አይነቃነቅም። የሚንቀሳቀሰው በመሃሉ የሚያልፈው ፒስተን ነው። እንግዲህ ዘይቱን የሚያግደው ጎማው ከፒስተኑ ቆዳ ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው። ቀለበቱ ሌላም ሥራ አለው። እጀታው ሲጨበጥ ፒስተኑን እንደያዘ በትንሹ ይጠመዘዛል፤ ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ ይመለስና ፒስተኑን ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ርቀት ወደ ኋላ ይስበዋል። ፒስተኑን የሚመልስ ሌላ ሞላ የለም።

ስለዚህ በመጀመሪያ መመርመር ያለበት ፒስተኑ ነው። የዚያ ዘመን ፒስተኖች ብዙዎቹ ጠንካራ ክሮም የተለበጡ ብረት ናቸው። ከመንገድ የሚረጨው ውሃና ዘይቱ ራሱ ከአየር የሚስበው እርጥበት ክሮሙን ሰርጎ ከሥር ብረቱን ያዝገዋል፤ ዝገቱ ክሮሙን ፈንቅሎ ትንንሽ ጉድጓድ ያበጃል። በዓይን ነጥብ የሚመስለው ጉድጓድ ጥፍር ሲሮጥበት ይይዛል። ጥፍርን የያዘ ጉድጓድ ዘይትን ያሳልፋል፤ የትኛውም አዲስ ጎሚኒ አይደፍነውም።

ሰዎችን የሚያሳስተው አንድ ሌላ ነገር አለ። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ፒስተኑ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የወጣው ክፍል ለውሃና ለጭቃ ተጋልጦ የሚዝገውም ያኔ ነው። ጉድጓዱ ከቀለበቱ ውጭ እስካለ ድረስ አንድም ጠብታ አይፈስም። አዲስ ወፍራም ሸራ ሲገባ ግን ፒስተኑ ወደ ውስጥ ይገፋና የዛገው ቦታ ቀጥታ ቀለበቱ ሥር ይደርሳል። ለዓመታት ደረቅ የነበረ ካሊፐር ሸራ በተቀየረ ማግስት የሚያፈስበት ምክንያት ይህ ነው። ወቀሳውን የሚቀበለው ግን ሸራውን የቀየረው ምስኪን ነው።

የዛገ ፒስተን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መልሶ መግጠምም መድኃኒት አይደለም። ወረቀቱ የቀረውን ክሮም ያነሳዋል፤ ዝገቱም ይፈጥናል። ያለው መፍትሔ አዲስ ፒስተን ነው፤ ለሲቢ 750ና ለብዙ እኩዮቹ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ይሸጣሉ። በማይገኝበት ቦታ አሮጌውን እንደገና ክሮም አስለብጦ ወደ ልኩ ማስፈግፈግ ይቻላል።

ከፒስተኑ ቀጥሎ የሚረሳው ቦዩ ነው። ካሊፐሩ አሉሚኒየም ስለሆነ እርጥበት ከቀለበቱ ኋላ ነጭ ጠንካራ ቅርፊት ያበቅላል። ቅርፊቱ ቀለበቱን ወደ ፒስተኑ ይገፋዋል፤ ፒስተኑ ይታነቃል፤ ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ እየተፋተገ ይሄዳል። አዲስ ጎሚኒ ባልጸዳ ቦይ ውስጥ ሲገባ መታነቁ እንዲያውም ይብሳል። ከዚያ ሙቀቱ ይመጣል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም፤ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲስብ ግን ዝቅተኛው ልክ ወደ 155 ይወርዳል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ እጀታው ያለ ምንም ተቃውሞ ተጨብጦ ይቀራል።

ቦዩን ማጽዳት ትዕግሥት ይጠይቃል። የቦዩን ወለል በማይጭር ነገር፣ ለምሳሌ በተቀረጸ እንጨት ወይም በለስላሳ ነሐስ፣ እስከ ማዕዘኖቹ ድረስ መፋቅ ያስፈልጋል። ሥራው መሳካቱ የሚታወቀው አዲስ ጎሚኒና ንጹህ ፒስተን በፍሬን ዘይት ተቀብተው በአውራ ጣት ግፊት ሲገቡ ነው። መዶሻ ወይም ጉጠት ካስፈለገ ቦዩ አልጸዳም። ጥቂት የጎማ ቀለበቶችን በላስቲክ ከረጢት አሽገው «ሙሉ የካሊፐር ማደሻ» ብለው የሚሸጡ፣ ስለ ፒስተንና ስለ ቦይ አንድ ቃል የማይተነፍሱ ነጋዴዎች ገዢውን የሚያስከፍሉት ገንዘቡን ብቻ አይደለም።

የቀሩት እምነቶች ይህን ያህል አያነጋግሩም። የካሊፐሩን የውስጥ ግድግዳ ማስሞረድ ግድ ነው የሚለው ከታምቡሩ ትምህርት የተረፈ ነው፤ ግድግዳው ዘይት ስለማያግድ ቀላል ጭረት አያስፈስስም፣ ማስሞረዱ ግን ክፍተቱን ያሰፋዋል። በቤንዚን ማጠብና በግራሶ መቀባትም ጉዳት ነው። የፍሬን ጎሚኒ የነዳጅ ዘርን አይችልም፤ አብጦ ፒስተኑን ያንቀዋል። ለማጠቢያ የፍሬን ማጽጃ ወይም አልኮል፣ ለመቀቢያ ራሱ የፍሬን ዘይት ይበቃል።

ቁጥሩ የበለጠ ዘይት ሁሉ የተሻለ ነው የሚባለውም ስህተት ነው። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ሃርሊ ዴቪድሰን ለረጅም ዓመታት ስለተጠቀመበት መጥፎ ሊባል አይችልም። ነገር ግን ከዶት 3ም ሆነ ከዶት 4 ጋር አይዋሃድም፤ ውሃ ስለማይቀበልም የገባው ውሃ ታች ካሊፐሩ ውስጥ ተጠራቅሞ ያዝጋል። ዶት 5.1 ደግሞ ስሙ ቢቀርበውም የዶት 4 ዘመድ ነው።

የተጣበቀ ፒስተን በኮምፕረሰር አየር ማስወጣትን እንደ ብልሃት የሚያስተምሩ ሰዎች ቢያቆሙ መልካም ነው። ታምቆ የቆየ አየር ፒስተኑን በድንገት ተኩሶ ጣት ይሰብራል። ካሊፐሩ ከዲስኩ ወርዶ ቱቦው ሳይፈታ እጀታውን ደጋግሞ መጭመቅ በቂ ነው፤ ዘይቱ ፒስተኑን በቀስታ ገፍቶ ያወጣዋል።

እጀታውን ጨብጦ አስሮ ማሳደር አየር የማውጣትን ሥራ ይተካል የሚሉም አሉ። ጥቃቅን አረፋዎች ወደ ላይ እንዲወጡ ይረዳ ይሆናል እንጂ በካሊፐሩ የአየር ማውጫ ቡሎን በኩል አየሩን ማውጣትን አይተካም። ይሁንና ታስሮ ያደረ እጀታ ለሌላ ጉዳይ ይጠቅማል፦ ዘይቱ ሌሊቱን በግፊት ሥር ስለሚቆይ ጠዋት በፒስተኑ ዙሪያ ንጹህ ወረቀት ማዞር ነው። ወረቀቱ ከረጠበ ካሊፐሩ ተመልሶ ይፈታል፤ ምርመራውም የሚጀምረው ከፒስተኑ ነው።