«አንቲኦክሲደንት» የስኳር መድኃኒትን አይተካም!



ሰሞኑን ለስኳር ክትትል የሚመጡ አንዲት እናት ስኳራቸው በጣም ጨምሮ አገኘሁት። «መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዱ ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው ከቦርሳቸው ብልቃጥ አወጡ። «ልጄ ከአሜሪካ የላከችልኝ ነው። ሰውነት ያጸዳል ሲሉኝ ሜትፎርሚኑን ተውኩት ዶክተር» አሉኝ። ብልቃጡ ላይ «አንቲኦክሲደንት» ይላል።

ለመሆኑ ምንድነው?

ሴሎቻችን ምግብን በኦክስጅን ወደ ጉልበት ሲቀይሩ፣ እንጨት ሲነድ እንደሚወጣው ጭስ «ፍሪ ራዲካል» የሚባሉ ነገሮች ይፈጠራሉ። ሰውነት ሊቋቋማቸው ከሚችለው በላይ ሲበዙ «ኦክሲዴቲቭ ስትረስ» እንለዋለን። ስኳር ከፍ ብሎ ሲቆይ ይሄ ጭስ ይበዛል፤ ዓይን፣ ኩላሊት፣ ነርቭና የደም ስር ከሚጎዱባቸው መንገዶች አንዱም ይሄው ነው። ኢንሱሊን የሚያስተላልፈውን ትዕዛዝም ያዳክማል።

ታዲያ በክኒን ማጥፋት አይቻልም?

ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ልከኛው ጭስ ለሴሉ መልእክት ነው። ስፖርት ስንሠራ ትንሽ ይጨምርና «መከላከያህን አጠናክር፣ ስኳሩን በደንብ ተጠቀም» ይለዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣ የጀርመን ጥናት፣ ወጣት ወንዶች ለ4 ሳምንት ስፖርት ሠሩ። ኢንሱሊን በሰውነታቸው የተሻለ መሥራት የጀመረው ክኒን ባልወሰዱት ላይ ነው፤ በቀን 1000 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ከቫይታሚን ኢ ጋር የወሰዱት ይህን ጥቅም አላገኙም።

ጉዳትም አለው። በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣ የፊንላንድ ጥናት፣ ቤታ ካሮቲን ክኒን የወሰዱ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ታይቷል።

ምን እናድርግ?

✔ ጭሱን ከማሳደድ እንጨቱን መቀነስ ይሻላል፦ ስኳራችሁን ተቆጣጠሩ።
✔ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ መድኃኒት አታቋርጡ። ለእጥረት የታዘዘላችሁን ቫይታሚንም እንዲሁ።
✔ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ካሮት፣ ምስር ከማዕዳችሁ አይጥፋ። ከምግብ የሚገኘው ከክኒኑ ይለያል።
✔ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ።
✔ ሲጋራ አቁሙ።

እኚያ እናት መድኃኒታቸውን እንደገና ጀምረዋል። ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ ለወላጆቻችሁ የሆነ ነገር መላክ ካሰባችሁ የስኳር መለኪያ ከነስትሪፑ ላኩላቸው። እሱ ነው የሚጠቅማቸው።

ስኳር ላለበት ሰው ሼር አድርጉለት። ጤናችሁ ይብዛ!