ከምረቃው ቀን በኋላ፦ የገጠር ማኅበረሰብ ዘላቂነትና የበጎ አድራጎት ጥናት



በገጠር ልማትና በበጎ አድራጎት ላይ የሚጻፉ የመመረቂያ ጥናቶችን በማማከር በቆየሁባቸው ዓመታት አንድ ጉድለት ደጋግሞ ያጋጥመኛል። ተመራማሪው ለጋሹን በሚገባ ያውቀዋል፤ ገበሬውን ግን የሚያውቀው በተቀባይነቱ ብቻ ነው። ይህን ስሕተት እኔም ሠርቼዋለሁ።

የመጀመሪያ የመስክ ሥራዬን ያከናወንሁት የውኃ ጉድጓዱን ባስቆፈረው ድርጅት መኪና ሄጄ ነበር። የእጅ ፓምፑ አፍሪዴቭ የሚባለው ነው፤ መንደርተኛው ራሱ በቀላል መሣሪያ ፈትቶ እንዲጠግነው ታስቦ የተነደፈ። የጠየቅኋቸው ሁሉ አመሰገኑ። እኔም ምስጋናውን «የማኅበረሰቡ እርካታ» ብዬ በሠንጠረዥ አሰፈርሁት።

ከወራት በኋላ ብቻዬን ስመለስ ፓምፑ ቆሞ አገኘሁት። ያለቀው ዋጋው አነስተኛ የሆነ የላስቲክ ማሸጊያ ነው። የውኃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ የሆኑትን እናት ለምን እንዳልተገዛ ብጠይቃቸው፣ «የመኪናዎቹ ሰዎች ይመጣሉ ብለን ነው፣ ልጄ» አሉኝ። በዚያው መንደር ግን እድሩ ድንኳኑንና የቀብር ዕቃውን በየጊዜው ይቆጥራል፤ የጎደለውንም ይተካል። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ስለዚህ ድህነትን ብቻ ምክንያት አድርጌ ማለፍ አልቻልሁም።

መንገዱን ያሳየኝ ከእኔ በፊት የተሠራ የድኅረ ምረቃ ጥናት ነው። ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የዓለምገና–ወላሞ መንገድ ሥራ ማኅበርን መርምረዋል። (ስሙ የዘመኑ ነው፤ ዛሬ ወላይታ እንላለን።) ጥናቱ ከመንገዱ አልፎ፣ የከተማውና የገጠሩ ዝምድና በእንዲህ ያለ ማኅበር እንዴት ጸንቶ እንደሚቆይ ይጠይቃል። እኔ ከዚህ የወሰድሁት የሚከተለውን ነው። ከተማ የገባ ተወላጅ ለአገር ቤት መንገድ ሲያዋጣ ስጦታውን ትቶ የሚሄድበት ስፍራ የለውም። እናቱ እዚያ ናት፤ ለሠርግም ለለቅሶም ይመለሳል፤ መንገዱ ሲበላሽም በስሙ ይጠየቃል። ጉድጓዱን ያስቆፈረውን ድርጅት ግን የፕሮጀክቱ ዘመን ካለቀ በኋላ በዚያ መንደር የሚጠይቀው ሰው አልነበረም።

በርካታ ተማሪዎች የሕጉን ለውጥ በስፋት ይተነትናሉ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ለአስተዳደር ወጪ እስከ 30 በመቶ ይፈቅድ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ወደ 20 በመቶ ዝቅ አድርጎታል። ትንተናው ተገቢ ነው፤ ሆኖም የሚለካው ከድርጅቱ ካዝና የሚወጣው ገንዘብ ነው። ቦዩን የቆፈረው፣ ድንጋዩን ያጋዘው፣ ዘበኛውን በእህል የከፈለው ገበሬ ሰጪ ሆኖ አይቆጠርም፤ በሪፖርት ቢገኝ እንኳ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» በሚል አንድ መስመር ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼን ከፕሮጀክቱ ሪፖርት በፊት የእድሩን መዝገብ አስፈቅዳችሁ እዩ፣ መለዋወጫውን ማን እንደሚገዛ ጠይቁ፣ ሁለተኛውን ጉዞ ያለ ድርጅቱ መኪና አድርጉ እላቸዋለሁ።

ይህን ስል እድርን ማሞገሴ አይደለም። መዋጮ መክፈል ያቃታቸው ድሆች ከመዝገቡ ሊወጡ ይችላሉ፤ ለእነርሱ ከውጭ የሚመጣው እርዳታ ብቸኛው ሊሆን ይችላል። እኔ በዚያ መንደር ከእድሩ ውጭ የነበሩትን ቤተሰቦች አልቆጠርሁም፤ ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ስላልነበረ በናሙናዬም አልገቡም።